በሩን ያልከፈተው ሰው

ልጆቼ፣

ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖርኩት ኤዲቲንግ ክፍል፣ የተቀረጸ ምስል እየተቆረጠ በሚቀናበርበት ቤት ውስጥ ነው። ሥራ ልትጀምሩ ስትሉ «አንድ ፊልም ምረጥልን» ትሉኛላችሁ። ሁልጊዜ የምጠራላችሁ አንድ ነው፤ «ኢል ኮንፎርሚስታ»። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣ የጣሊያን ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ በርናርዶ በርቶሉቺ ሲሠራው ሠላሳ ዓመት አልሞላውም ነበር። ርዕሱን በእኛ ቋንቋ በለው ብትሉኝ «እንደ ንጉሡ አጎንብሱ» የሚለው አባባላችን ይቀርበዋል።

ማርቼሎ የተማረ ሰው ነው። ከደህና ቤተሰብ የወጣ የሮም ሰው። ዘመኑ የሙሶሎኒ ነው። ማንም ሳያስገድደው፣ በራሱ እግር ሄዶ ለፋሺስቱ ምስጢራዊ ፖሊስ ልሥራ ይላል። ፓሪስ የተሰደደ የቀድሞ መምህሩን፣ ፕሮፌሰር ኳድሪን፣ እንዲቀርብ ይልኩታል። ሽፋኑ የጫጉላ ሽርሽር ነው። መንገድ ላይ ትእዛዙ ይለወጣል፦ ፕሮፌሰሩ ይገደል።

ለምን ይህን ያደርጋል? ለገንዘብ አይደለም። በፋሺዝም አምኖም አይደለም። ልጅ ሳለ አንድ ሾፌር ሊደፍረው ሞክሮ፣ በሽጉጥ ተኩሶ የገደለው መስሎታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። እንደ ሰው መሆን። ሁሉም የሚያገባትን ዓይነት ሴት ማግባት፣ ሁሉም የሚያጨበጭብለትን ማጨብጨብ። ይሉኝታ የሚያሳድገን ነገር እንዳለው አውቃለሁ። የማርቼሎ ግን ሌላ ነው። እሱ ሰው ፊት እንዳያፍር ብሎ ሰው ያስገድላል።

ፊልሙ ውስጥ ብልሹነት በየቤቱ አለ። እናቱ የሞርፊን ሱሰኛ ናት። አባቱ የአእምሮ ሕሙማን መታከሚያ ገብቷል። የፋሺስቱ መንግሥት አዳራሾች ደግሞ በእብነ በረድ የተሠሩ፣ ሰፋፊ፣ ባዶ ናቸው፤ የሰው ልጅ መሐላቸው ጉንዳን ያህላል። እነዚህን ሾቶች ደጋግማችሁ እዩ። ካሜራ ማኑ ቪቶሪዮ ስቶራሮ ነው። ፕሮፌሰሩ ቢሮ ውስጥ ማርቼሎ መስኮት ዘግቶ የግሪኩ ፈላስፋ ፕላቶ ስለተረከው ዋሻ ያወራል። ግድግዳ ላይ ያለውን ጥላ እንደ እውነት ስለሚያዩት እስረኞች። ፕሮፌሰሩ ሌላውን መስኮት ሲከፍት የማርቼሎ ጥላ ከግድግዳው ላይ ይጠፋል። በቃ። አንዲት ቃል ሳይጨመር ሰውየው ማን እንደሆነ ተነገረን።

ፊልሙ አከራክሯል። ፋሺዝምን የአንድ ሰው የተደበቀ የወሲብ ቁስል አስመሰለው ብለው የነቀፉት አሉ። ነቀፌታው ልክ ነው እላለሁ። ሙሶሎኒን ሥልጣን ላይ ያወጡት ባለ መሬትና ባለ ፋብሪካም ናቸው፤ ያ ፊልሙ ውስጥ ብዙም አይታይም። ቢሆንም ስለ ተራው ሎሌ የሚነግረን እውነት አይጠፋበትም።

ይህ ታሪክ ከእኛ የራቀ እንዳይመስላችሁ። ፊልሙ የተወሰደው አልቤርቶ ሞራቪያ እ.ኤ.አ. በ1951 ካሳተመው ልብ ወለድ ነው። የሞራቪያ የአክስት ልጆች፣ ፋሺዝምን ይቃወሙ የነበሩት ወንድማማቾች ካርሎና ኔሎ ሮሴሊ፣ እንደ ፊልሙ ፕሮፌሰር ፈረንሳይ ውስጥ መንገድ ላይ የተገደሉት ሰኔ 2 ቀን 1929 ዓ.ም. ነው። ገዳዮቹ ፈረንሳዮች ነበሩ፤ ከጀርባ ያለው የጣሊያን ወታደራዊ ስለላ። ካርሎ በስደት ሳለ ሙሶሎኒ አገራችንን መውረሩን በግልጽ ተቃውሟል። ቀኑን ልብ በሉልኝ። የካቲት 12 አዲስ አበባ በደም ከታጠበች ገና አራት ወር አልሞላም። እዚህ በአካፋና በዶማ ሰው ያስጨፈጨፈው መንግሥት፣ እዚያ የራሱን ልጆች በስለት ያሳድድ ነበር።

አሁን ወደ ፊልሙ፣ ፕሮፌሰሩ ወደሚገደልበት ጫካ እንሂድ። በረዶ ነው። ገዳዮቹ ፕሮፌሰሩን ከበው በጩቤ ይወጉታል። ሚስቱ አና ሮጣ የማርቼሎ መኪና ጋ ትደርሳለች። ማርቼሎ ወዷታል። መስታወቱን ትደበድባለች፣ ትጮኻለች። እሱ ከውስጥ ተቀምጦ ያያታል። ዝም ብሎ ያያታል። በሩን አይከፍትም። ከዚያ እሷንም ዛፎቹ መሐል አሳደው ይገድሏታል። ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1943 ሙሶሎኒ በወደቀ ሌሊት፣ ይኸው ማርቼሎ ዓይነ ስውር ጓደኛውን «ፋሺስት!» እያለ መንገድ ላይ ያጋልጠዋል። ሕዝቡ ሲዞር አብሮ ዞረ።

ሥራ ስትጀምሩ ጩቤ የሚሰጣችሁ የለም። የሚጠየቀው ነገር ትንሽ ነው፣ የሚጠይቃችሁም ሰው ደግ ነው። «ሁሉም የሚያደርገው ነው» ይላችኋል። ያችን ቃል ስትሰሙ እጃችሁን ከሥራው ላይ አንሱ። አንድ ሌሊት አሳድሩት። ቢያንስ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። እኔ አልጠየቅሁም፤ ስለዚህ ልንገራችሁ።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። አንድ ሽማግሌ የተናገሩበትን ቃለ መጠይቅ እንድቆርጥ ተሰጠኝ። «እስማማለሁ፤ ግን...» ብለው፣ ከዚያ በኋላ ሦስት ደቂቃ ያህል መንደራቸው ስለ ደረሰበት በደል ተናገሩ። አለቃዬ «ከ‹ግን› ጀምሮ ያለውን አውጣው» አለኝ። አልተቆጣኝም፣ አላስፈራራኝም። እንዲያውም ሻይ አዞልኝ ነበር። ቆረጥኩት። ንጹሕ ቅንብር ነበር፤ የተቆረጠበት ቦታ ፈጽሞ አያስታውቅም። ማታ ተላለፈ፣ ሽማግሌው «እስማማለሁ» ብለው ዝም አሉ።

በሳምንቱ መጡ። ከዘራቸውን ይዘው መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ማን እንደቆረጠው ሰው ነግሯቸዋል መሰለኝ።

«ልጄ፣ እኔ ያልኩት ይሄን ብቻ ነበር?» አሉኝ።

የቸኮልኩ መስዬ አለፍኳቸው።