አንድ ላፕቶፕ ስንት ፊርማ ይፈልጋል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የምጽፍላችሁ ከጅማ ነው። ቡና ወደ ውጭ የሚልክ ትልቅ ድርጅት ውስጥ የአይቲ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ዋናው መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ነው፣ በእኛ በኩል ደግሞ ከጅማ ሌላ አጋሮ፣ ሊሙና በደሌ ቅርንጫፍ አለን። ችግሬ ግዥ ነው። የአንድ ሠራተኛ ላፕቶፕ ሲበላሽ ጥያቄ እጽፋለሁ፣ የክፍሉ ኃላፊ ይፈርማል፣ ፋይናንስ ይፈርማል፣ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ እሱ እስኪጸድቅ ዋጋው ይቀየርና እንደገና ይጀመራል። በስንት ጊዜው ሲመጣም ሁሌ የተለያየ ነው፤ የአንዱ ቻርጀር ለሌላው አይሆንም። ማን ምን እንደያዘም በትክክል አላውቅም፤ የንብረት ክፍል መዝገብና የእኔ ኤክሴል አይገናኙም። አለቃዬ «ሶፍትዌር እንግዛና ይለይለት» ይላል። ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ እህታችን፣ ሶፍትዌሩ ይቆይ። የተዘበራረቀ መዝገብ ሶፍትዌር ውስጥ ቢገባም ያው የተዘበራረቀ ነው፣ ያውም በየዓመቱ ክፍያ እየተከፈለበት።

ድርጅትሽ በየጊዜው ላፕቶፕ ይገዛል፤ ግን ሁሌ ከዚህ በፊት ገዝቶ የማያውቅ ይመስል ከዜሮ ይጀምራል። ምን ዓይነት ይሁን? ከማን? በስንት? እነዚህ ጥያቄዎች በዓመት አንዴ ተመልሰው ማለቅ ሲገባቸው በእያንዳንዱ ላፕቶፕ እንደ አዲስ ይነሳሉ። ፊርማ የሚበዛውም ለዚህ ነው፤ ሰው በደንብ ያላየውን ነገር ብቻውን መፈረም ይፈራል።

ስለዚህ መጀመሪያ ዓይነቱን ወስኚ። ሁለት ሞዴል ይበቃል፤ አንድ ለብዙኃኑ የቢሮ ሠራተኛ፣ አንድ ከበድ ያለ ሥራ ለሚሠሩት ጥቂቶች። ለቢሮው 16 ጊጋ ራምና 512 ጊጋ ኤስኤስዲ ያለው አዲስ ኮር አይ ፋይቭ ፕሮሰሰር ከበቂ በላይ ነው። ስፔሲፊኬሽን ስትጽፊ ግን የፕሮሰሰሩን ትውልድ አትርሺ። «ኮር አይ ሰቨን» ብለሽ ብቻ ከተውሽው አቅራቢው 6ኛ ትውልድ ቢያመጣልሽ የሚከራከርሽ በጽሑፍሽ ነው፣ የድሮ አይ ሰቨን ደግሞ ከአዲስ አይ ፋይቭ የሚያንስበት ጊዜ ብዙ ነው።

ቀጥሎ ዋጋው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የማዕቀፍ ስምምነት የሚሉት አሠራር አለ፣ አንዴ ተወዳድሮ ካሸነፈ አቅራቢ ጋር ለተወሰነ ጊዜ ተዋውሎ በተፈለገ ቁጥር ማዘዝ ነው። የግል ድርጅት ይህን እንዳያደርግ የከለከለው የለም። አቅራቢዎች የሚፈሩት ምንዛሪውን ነው፣ እውነትም አላቸው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል። በቁርጥ ብር ተዋዋሉ ብትያቸው ወይ ይሸሻሉ ወይ አስቀድመው ይቆልሉብሻል። ዋጋው በዕለቱ የባንክ ተመን የሚሰላበትን ቀመር ውሉ ላይ አስፍሩ። ያን ጊዜ ፕሮፎርማ ጊዜው አለፈበት የሚባል ነገር አይኖርም። ዕቃው ጅማ ድረስ ደርሶ የሚረከበው በአቅራቢው ወጪ መሆኑም ይጻፍ፤ 350 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ የተሰበረ ስክሪን የማን ነው እያላችሁ እንዳትጨቃጨቁ።

ሦስተኛው ነገር፣ እኛ ከሁሉ በላይ የምንወደው፣ መጠባበቂያ ነው። ለየ20 ሠራተኛው አንድ ትርፍ ላፕቶፕ ሁሉ ነገር ተጭኖበት ጅማ ስቶር ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጥ። የአጋሮው ሒሳብ ሠራተኛ ማሽን ሲበላሽ በማግስቱ ሌላ ይላክለት። ግዥው ከዚያ በኋላ በራሱ ፍጥነት ይሂድ፤ የሚሞላው ስቶሩን ስለሆነ ሁለት ወር ቢፈጅም ሥራ የሚቆምበት ሰው የለም። ፋይናንስ «ዕቃ ለምን ይቀመጣል» ማለቱ አይቀርም። አንድ ሠራተኛ ያለ ኮምፒውተር ሲቀመጥ የሚከፈለውን ደመወዝ አስልተሽ አሳዪው።

ጊዜውንም አስቢበት። በእናንተ አካባቢ ለቀማው በጥቅምት ይሞቃል፣ ስለዚህ ዕቃው መስከረም ላይ እጅሽ መግባት አለበት፤ በጀታችሁ ሐምሌ 1 የሚጀምር ከሆነ ትዕዛዙ በዚያው ሳምንት ይውጣ። በየዓመቱ ከጠቅላላው ሩቡን ብትቀይሪ የማንም ማሽን ከአራት ዓመት በላይ አያረጅም፣ በጀቱም ድንገት አይዘልም።

ወደ መዝገቡ ስንመጣ፣ ከንብረት ክፍልና ከፋይናንስ አንዳንድ ሰው ይዘሽ አብራችሁ ቁጠሩ። ለየብቻ የተቆጠረ ሁሌም አይገናኝም። ስቲከሩን ብቻ አትመኚ፣ ከራሱ ከማሽኑ ላይ ሴሪያል ቁጥሩን ውሰጂ። ሁለት ላፕቶፕ የያዙ ሰዎች ታገኛለሽ፣ አብዛኞቹም አለቆች ናቸው፤ ለዚህ የሥራ አስኪያጁ ደብዳቤ አስቀድሞ በእጅሽ ይሁን። ከዚያ ሁለቱ መዝገቦች ይዘጉና አንድ ይከፈት፣ ባለቤቱም አንድ ሰው ይሁን። ኤክሴሉ ሲጠብሽ ስናይፕ አይቲ የሚባለውን የንብረት መመዝገቢያ ሶፍትዌር በራስሽ ሰርቨር ላይ በነፃ መጫን ትችያለሽ። ለቃቂ ሠራተኛ ደግሞ ክሊራንሱ ላይ የአይቲ ፊርማ ሳይኖር የመጨረሻ ክፍያ አይውሰድ።

አንድ ነገር ሳንረሳው፦ የቡና መቀሸሪያው አጠገብ ላፕቶፕ አታስቀምጪ። የገለባው ብናኝ ፋኑን ይደፍነዋል፣ ማሽኑ ይግላል፣ «ጥራት የሌለው ገዙብን» ይባላል። ሚዛን ቤቱን ዝግ ክፍል ውስጥ ባለ ዴስክቶፕ አሠሪው፣ በለቀማ ወራት በየወሩ ይነፋ። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን የሚያቆየው ዩፒኤስም ሞተ ተብሎ ሲጣል ብዙ ጊዜ የሞተው ባትሪው ብቻ ነው። በትንንሾቹ ውስጥ ያለው ባለ 12 ቮልት ባትሪ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል፣ እሱን ለይቶ መግዛት ይቻላል።

ጥያቄ፦ እኔም ጅማ ነኝ፣ የአንድ ድርጅት ግዥ ሠራተኛ። አዲሱ ላፕቶፕ ስለተወደደ ያገለገለ ብንገዛ ምን ይመስላችኋል?

መልስ፦ ይቻላል፣ ግን ትውልዱን እይ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል፣ ከኢንቴል በኩልም በጥቅሉ ከ8ኛ ትውልድ በታች ያለውን አይቀበልም። ፕሮሰሰሩ ስም ላይ ከሰረዙ በኋላ የሚመጣውን ቁጥር ተመልከት፤ 8250 ካለ 8ኛ ነው፣ 7200 ካለ 7ኛ ነውና ተወው። ሻጩ «ዊንዶውስ 11 ተጭኖበታል» ቢልህ አትርካ፣ በማይደግፈው ማሽን ላይም አስገድዶ መጫን ይቻላል። ቻርጀሩን ነቅለህ ባትሪውን ሞክረው፣ የዋስትናውን ጊዜ በጽሑፍ ተቀበል። ሕጋዊ ደረሰኝ የማይቆርጥ ከሆነ ዋጋው የቱንም ያህል ቢጥም እለፈው፣ ፋይናንሳችሁ መዝገብ ላይ ሊያሰፍረው አይችልም።