ከጥብቅና ወደ ሕግ ቤተ መጻሕፍት፦ ጥያቄና መልስ

በደብረ ብርሃን ለዓመታት በጥብቅና ከሠራሁ በኋላ ፈቃዴን መልሼ አሁን በሕግ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀጥሬ እሠራለሁ። በሰሜን ሸዋ የሚገኙ የሙያ ባልደረቦቼ ይህንኑ መንገድ እያሰቡ ላቀረቡልኝ ጥያቄዎች የምችለውን ያህል እመልሳለሁ።

ጠበቃ፣ ከመሐል ሜዳ፦ አምስት ዓመት ሕግ ተምሮ መጽሐፍ መደርደር ዕውቀትን ማባከን አይሆንም?

መደርደሩ የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። አንድ ባልደረባ የባልና ሚስት የጋራ ንብረት ክርክር ሊያዘጋጅ መጥቶ አዋጅ ቁጥር 213/1992ን ቢጠይቀኝ፣ አዋጁ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ መሆኑን፣ በክልላችን በአማራ የሚሠራው ግን አዋጅ ቁጥር 79/1995 መሆኑን ማሳየት ያለብኝ እኔ ነኝ። የገጠር መሬትም እንዲሁ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 133/1998 በአዋጅ ቁጥር 252/2009 ቢተካም፣ በቀድሞው አዋጅ ዘመን ስለተደረገ ስጦታ ወይም ኪራይ የሚከራከር ሰው አሮጌውን ጽሑፍ ስለሚፈልግ፣ «ተሽሯል» ተብሎ ከመደርደሪያ ሊወጣ አይገባም። በመጨረሻ ፍርድ ላይ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት መኖሩን በሚመረምረው፣ ከአምስት ያላነሱ ዳኞች በተሰየሙበት የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጥ የሕግ ትርጉም በአዋጅ ቁጥር 454/1997 አስገዳጅ ከሆነ ወዲህ ደግሞ፣ የትኛው ውሳኔ በየትኛው ቅጽ እንደታተመና በኋለኛ ውሳኔ ተለውጦ እንደሆነ መከታተል ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። ችሎት ፊት ቆሞ የማያውቅ ሰው፣ ጠያቂው ያልጠቀሰውን ነገር አስቀድሞ መገመት ይከብደዋል፤ ስለዚህ የጥብቅና ልምድ እዚህ በየቀኑ ሥራ ላይ ይውላል እንጂ አይባክንም።

ጠበቃ፣ ከደብረ ሲና፦ ሥራው በእርግጥ ያረጋጋል?

እኔን አረጋግቶኛል። በጥብቅና ከሁሉ ይከብደኝ የነበረው ንባቡ አልነበረም፤ የፍርዱ ግልባጭ ገና ሳይደርስ የ60 ቀኑ የይግባኝ ጊዜ መቁጠሩ፣ ደንበኛው በሌሊት መደወሉ፣ ከዚያም በላይ በመሬት ክርክር የረታሁትን ሰው በማግስቱ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ማግኘቱ ነበር። ሰው ሁሉ በዝምድና ወይም በጉርብትና በሚተዋወቅበት አገር ይህ ቀላል ሸክም አይደለም። ዛሬ ሁለቱም ተከራካሪዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ፣ ለሁለቱም ያንኑ መጽሐፍ አቀርባለሁ። ሆኖም ፈጽሞ ጭንቀት የለበትም አልልም፤ የፈተና ሰሞን የተማሪው ብዛት፣ የበጀት እጥረትና የጎደሉ የነጋሪት ጋዜጣና የዝክረ ሕግ (የክልሉ አዋጆች የሚታተሙበት ጋዜጣ) እትሞች ያስጨንቃሉ።

ከዓለም ከተማ፦ በአነስተኛው ደመወዝ ቤተሰብ እንዴት ይተዳደራል?

ገቢው በግልጽ ይቀንሳል፤ ይህንንም ለትዳር ጓደኛዎ አስቀድመው ሳይሸሽጉ ይንገሩ። ሲያሰሉ ጥሩ ገቢ ያገኙበትን ዓመት ሳይሆን ደንበኛ የጠፋበትን ዓመት ከደመወዙ ጋር ያነጻጽሩ። ተቀጣሪ ከሆኑ ከደመወዝዎ 7 በመቶ፣ ከአሠሪዎ ደግሞ 11 በመቶ ለጡረታ ስለሚገባ፣ ይህም በሒሳቡ ውስጥ ይግባ። ዕዳ ካለብዎ ሳይከፍሉ ባይወጡ እመርጣለሁ።

ከእነዋሪ፦ ሌላ ትምህርት ያስፈልጋል?

በአሜሪካ ብዙ የሕግ ቤተ መጻሕፍት የሥራ መደቦች የሕግና የቤተ መጻሕፍት ሳይንስ ዲግሪን አጣምረው ይጠይቃሉ። በእኛ አገር መስፈርቱ እንደየተቋሙ ስለሚለያይ የቅጥር ማስታወቂያውን በጥንቃቄ ያንብቡ፤ የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ትምህርት ግን በየትም ይጠቅማል።

የሕግ ተማሪ፣ ከደብረ ብርሃን፦ ጥብቅና ሳልሞክር በቀጥታ ልግባበት?

እኅቴ፣ ቢቻልሽ መጀመሪያ ጥቂት ጊዜ መዝገብ ይዘሽ ተከራከሪ።

ጠበቃ፣ ከሸዋ ሮቢት፦ ባለጉዳይ ገበሬ መጥቶ «እረታለሁ ወይ?» ቢል ምን ይመልሳሉ?

ድንጋጌውን አውጥቼ አሳየዋለሁ፤ ማንበብ ካልቻለም ቀስ ብዬ አነብለታለሁ። መርታት አለመርታቱን ግን አልናገርም፤ ያ የሕግ ምክር ስለሆነ ነጻ የሕግ ድጋፍ ወደሚሰጥበት ማዕከል እመራዋለሁ። በጥብቅና የረዳሁት ሰው ተቃራኒ ወገን ቢሆን እንኳ የሚፈልገውን መጽሐፍ አልነፍገውም፤ ከቀድሞ ደንበኛዬ የሰማሁትን ምስጢር ግን ሙያውን ከለቀቅሁ በኋላም እጠብቃለሁ። እርስዎም ከመውጣትዎ በፊት በእጅዎ ያሉትን ዋና ሰነዶች ለየባለቤታቸው በፊርማ ያስረክቡ፤ ቀጠሮ ያለባቸውን መዝገቦች በተመለከተ ደግሞ ደንበኛው ሌላ ጠበቃ የሚያቆምበት በቂ ጊዜ እንዲያገኝ ለእሱም ለፍርድ ቤቱም በጽሑፍ ያሳውቁ።