የኦወን ፓተርሰን ድምፅና የጥቅም መዝገብ፦ ጥያቄና መልስ

የብሪታንያ የፓርላማ አባል ምን ድምፅ እንደሰጠ፣ ከማንስ ገንዘብ እንደሚቀበል ማየት እንደሚቻል ስናገር ጥያቄው ዘነበብኝ። በደፈናው ከምመልስ አንድ ሰው ይዤ ብመልስ ይሻላል ብዬ የቀድሞውን የፓርላማ አባል ኦወን ፓተርሰንን መርጫለሁ። እሳቸው በ2021 ለሚከፍሏቸው ኩባንያዎች ባለሥልጣናትን ወትውተዋል ተብለው ጥፋተኛ የተባሉ ናቸው። ጉዳያቸው በሰነድ ያለቀ ነው፤ ብዙ የሚያስተምርም ነው። ወሮቹና ዓመተ ምሕረቶቹ፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሰውዬው ማን ናቸው?

የወግ አጥባቂው ፓርቲ ሰው ናቸው። ከ1997 እስከ 2021 የኖርዝ ሽሮፕሽር ሕዝብ ተወካይ ነበሩ። ከ2010 እስከ 2012 የሰሜን አየርላንድ ጉዳዮች ሚኒስትር፣ ከዚያ እስከ 2014 የአካባቢና የምግብ ጉዳዮች ሚኒስትር ሆነው ሠርተዋል። ይህን የሥልጣን ታሪክ ያዙት፤ ኋላ ይመጣል።

ታዲያ ገንዘቡን ደብቀው ነው የተያዙት?

አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፓተርሰን የሚከፍሏቸውን ኩባንያዎች በጥቅም መዝገቡ፣ ማለትም አባላት ከደመወዛቸው ውጭ የሚያገኙትን በሚያሳውቁበት የአደባባይ መዝገብ ላይ፣ አስመዝግበው ነበር። መዝገቡን የከፈተ ሰው ሁሉ ያየው ነበር። ከ2015 ጀምሮ የሰሜን አየርላንዱ የሕክምና ምርመራ ኩባንያ ራንዶክስ አማካሪ ነበሩ። ክፍያው በኋላ ላይ በወር 8,333 ፓውንድ ደረሰ፤ ለ16 ሰዓት ሥራ። ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ሊንስ ካንትሪ ፉድስ የሚባል የሥጋ ውጤቶች አምራች ነበረ። እሱ በየሁለት ወሩ 2,000 ፓውንድ ይከፍላቸው ነበር፤ ለ4 ሰዓት።

እስቲ አስሉት። ራንዶክስ በዓመት 100,000 ፓውንድ ገደማ፣ ሊንስ 12,000። በሰዓት ሲመታ 500 ፓውንድና ከዚያ በላይ ነው። የፓርላማ አባል የዓመት ደመወዝ በ2021 ወደ 82,000 ፓውንድ ነበር። ስለዚህ ሰውዬው ከሕዝቡ ከሚያገኙት ይልቅ ከሁለቱ ኩባንያዎች የሚያገኙት ይበልጥ ነበር። ይህ ሁሉ በአደባባይ ተጽፎ ተቀምጧል፤ ለዓመታት ብዙም የጠየቀ የለም።

ካስመዘገቡ ጥፋታቸው ምኑ ላይ ነው?

ማስመዝገብ ፈቃድ አይደለም። መዝገብ ላይ መጻፍ አንድ ግዴታ ነው። ሌላው ግዴታ ስለሚከፍልህ ድርጅት ባለሥልጣን ስታነጋግር ጥቅም እንዳለህ እዚያው መናገር ነው። ሦስተኛውና ትልቁ ደግሞ ጨርሶ የተከለከለ ነገር ነው፦ ለሚከፍልህ ወገን ጥቅም ብለህ ሚኒስትር ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤት መወትወት አትችልም። አስመዘገብክም አላስመዘገብክም። ደንቡ አዲስም አይደለም። ፓርላማው የአባላትን ድምፅና ድጋፍ በገንዘብ መግዛትን በ1695 ነው ከባድ ወንጀል ያለው።

የፓርላማው የሥነ ምግባር ኮሚሽነር ካትሪን ስቶን ጉዳዩን መረመሩ። የሥነ ምግባር ኮሚቴው ሪፖርቱን በጥቅምት 2021 መጨረሻ አወጣ። የተገኘው ይህ ነው፦ ስለ ራንዶክስ ለምግብ ደረጃዎች ኤጀንሲ 3 ጊዜ፣ ለውጭ ልማት ሚኒስትሮች 4 ጊዜ፤ ስለ ሊንስ ደግሞ ለዚያው ኤጀንሲ 7 ጊዜ ቀርበዋል። በድምሩ 14። ለኤጀንሲው ሰዎች በጻፏቸው 4 ኢሜይሎች ላይ የሊንስ ተከፋይ መሆናቸውን አልተናገሩም። የፓርላማ ቢሯቸውን ለኩባንያዎቹ ስብሰባ 25 ጊዜ ተጠቅመዋል። የፓርላማው ማኅተም ባለበት ወረቀትም ሁለት የንግድ ደብዳቤ ጽፈዋል።

ቢሮውና ወረቀቱ ቀላል ነገር የሚመስላቸው አሉ። እኔ አይመስለኝም። ኩባንያው ሰውን ወደዚያ ቢሮ ሲጠራ የሚያሳየው የሕዝብን ቤት ነው።

"ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" ይሉት ነው እንግዲህ?

እዚህ ላይ ነገሩ ተገለበጠ። ፓተርሰን በ2014 ከካቢኔ ወጡ፤ ራንዶክስ የቀጠራቸው በ2015 ነው። ማለትም ከተሻሩ በኋላ። ኩባንያ የቀድሞ ሚኒስትር የሚቀጥረው ለምንድን ነው? ስልኩን የሚያነሳለት ስላለ ነው። የምግብ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረ ሰው ለምግብ ደረጃዎች ኤጀንሲ ሲጽፍ፣ እንደ ማንኛውም ዜጋ መልስ አይጠብቅም። ሥልጣኑ ቢሄድም ስሙና ትውውቁ ይቀራል፤ ገበያ ላይ የሚወጣውም እሱ ነው።

ወተት ውስጥ ተገኘ ያሉት አንቲባዮቲክ እኮ እውነት ነበር። የሕዝብ ጤና ማስጠበቅ ጥፋት ነው?

ይህን የጠየቁኝን ወንድሜን አመሰግናለሁ፤ ፓተርሰንም የተከራከሩት በዚሁ ነው። የራንዶክስ ምርመራ ወተት ውስጥ የተከለከለ አንቲባዮቲክ አግኝቷል፣ ሊንስ ደግሞ በተሳሳተ መለያ የሚሸጥ ሥጋ አግኝቷል፤ እኔ የተናገርኩት ለሸማቹ ብዬ ነው አሉ። ደንቡም ለዚህ ቀዳዳ አለው። ከባድ ጥፋት ወይም በደል ያየ አባል፣ ተከፋይ ቢሆንም እንኳ፣ ለባለሥልጣን ማሳወቅ ይችላል።

ጥያቄው የት ላይ ማቆም እንዳለበት ነው። ወተቱ ተበክሏል ብሎ መናገር አንድ ነገር ነው። ከዚያ አልፎ የከፋዬ መመርመሪያ የተሻለ ነውና ተመልከቱት ማለት ሌላ ነው። ኮሚቴው እነዚያን 14 ግንኙነቶች አንድ በአንድ አይቶ ቀዳዳው አይሸፍናቸውም አለ። እኔም ሪፖርቱን ሳነበው ያሳመነኝ ይኸው ነው። ወተቱ ቢያሳስባቸው ኖሮ የመጀመሪያው ደብዳቤ ይበቃ ነበር።

እሺ፣ በፓርላማ ውስጥ ለእነዚህ ኩባንያዎች ድምፅ ሰጥተዋል ወይ?

የድምፅ መዝገባቸውን ብትበረብሩ ስለ ራንዶክስ ምንም አታገኙም። የምታገኙት ሌላ ሰው ነው። በየካቲት 2013 የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ሕግ ሲቀርብ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ እየደገፉት፣ እሳቸው የካቢኔ አባል ሆነው ተቃወሙ። በመጋቢት 2019 የጠቅላይ ሚኒስትር ቴሬዛ ሜይ የብሬግዚት (ከአውሮፓ ኅብረት የመውጣት) ስምምነት ለሦስተኛ ጊዜ ሲቀርብ እስከ መጨረሻው እምቢ ካሉት 28 የፓርቲው አባላት አንዱ ነበሩ። ለአቋሙ ከገዛ ፓርቲው ጋር የሚጋጭ ሰው ነው የሚታየው።

እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ድምፅ የሚሰጠው በአደባባይ ነው፣ ፓርቲውም ይቆጣጠረዋል፣ ስም ዝርዝሩም ይወጣል። ተከፋይ ሥራ ግን የሚሠራው በኢሜይልና በስብሰባ ነው። የሰውን ድምፅ ብቻ አይቶ ንጹሕ ነው የሚል ሰው ያየው ግማሹን ነው። መዝገቡን ብቻ አይቶ ሌባ ነው የሚልም እንደዚያው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ፣ የሚከፍለው ኩባንያ ከየትኛው መሥሪያ ቤት ጋር ጉዳይ እንዳለው ጠይቁ።

ድምፁ እንዴት ነው የሚመዘገበው? ያልተገኘ ሰውስ?

ደወል ይደወላል። አባላቱ 8 ደቂቃ አላቸው። በሁለት አዳራሽ ይለያሉ፤ በአንዱ የሚደግፉ፣ በሌላው የሚቃወሙ ያልፋሉ። የእያንዳንዱ ስም በዚያው ቀን ይወጣል።

ጥንቃቄ የሚፈልገው ስሙ የሌለበት ሰው ነው። ድምፀ ተአቅቦ ብሎ የሚመዘግብ የለም። ታሞ ይሁን፣ ውጭ አገር ሄዶ ይሁን፣ ሆን ብሎ ቀርቶ ይሁን፣ ከተቃራኒው ወገን አባል ጋር ተስማምተው ሁለቱም ቀርተው ይሁን፣ ዝርዝሩ አይነግራችሁም። "ለሕፃናት ምሳ ድምፅ ነፈገ" እየተባለ የሚዞር ነገር ስታዩ በመጀመሪያ ተቃወመ ወይስ አልተገኘም ብላችሁ ለዩ።

ኅዳር 2021 ላይ ምን ተፈጠረ? ያኔ ሰምተን ግራ ገብቶን ነበር።

ኮሚቴው የ30 የስብሰባ ቀን (ምክር ቤቱ የሚሰበሰብበት ቀን ማለት ነው) እገዳ ጠይቆ ነበር። ይህ ቁጥር ትልቅ ትርጉም አለው። በ2015 ሕግ መሠረት አንድ አባል ለ10 የስብሰባ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ከታገደ በምርጫ ክልሉ ፊርማ ይሰበሰባል። በስድስት ሳምንት ውስጥ ከመራጩ 10 በመቶ ከፈረመ ወንበሩን ያጣል።

ኖቬምበር 3 ቀን ሪፖርቱ ለድምፅ ቀረበ። እንዲህ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ ያለ ጭቅጭቅ ይጸድቃል። ያን ቀን ግን የቦሪስ ጆንሰን መንግሥት አባላቱን አስገድዶ ሌላ ሐሳብ አስመረጠ። የወግ አጥባቂዎቹ አባል አንድሪያ ሌድሰም ያቀረቡት ማሻሻያ እገዳውን አቁሞ ሥርዓቱን እንደገና የሚያይ አዲስ ኮሚቴ ይቋቋም የሚል ነበር። 250 ለ232 አለፈ። ከወግ አጥባቂዎቹ 13ቱ ተቃወሙ፤ ብዙዎችም አልመረጡም።

የአንድን አባል ልክ ማየት የሚፈልግ ሰው ያንን የስም ዝርዝር ይክፈት። ምርጫው የፓርቲውን ትእዛዝ ተቀብሎ አለቃን ደስ አሰኝቶ ማደር ነበር፤ ወይም ደግሞ ደንቡን ማክበር ነበር። እነዚያ 13 ሰዎች ክብር ይገባቸዋል።

በማግስቱ መንግሥት አፈገፈገ፤ የሕዝቡ ቁጣ ከባድ ነበር። ፓተርሰንም በዚያው ቀን ወንበራቸውን እንደሚለቁ አስታወቁ። ኖቬምበር 16 ላይ ምክር ቤቱ የቀድሞውን ውሳኔ ሽሮ ሪፖርቱን ተቀበለ። ልብ በሉ፤ ይህኛው የጸደቀው ስም ሳይቆጠር ነው። ሲያጠፉ ስማቸው ተመዝግቧል፤ ሲያርሙ ግን ዝርዝር የለም።

የተጨቆኑ መስሎኝ ነበር። ምስክሮቻቸው አልተሰሙም ይባላል።

17 ሰዎች በጽሑፍ መሰከሩላቸው፤ ኮሚቴው አነበበው። ቅሬታቸው በቃል አልተሰሙም፣ ይግባኝም የለም የሚል ነበር። የይግባኙ ነገር እውነትም ክፍተት ነበር፤ ምክር ቤቱ በ2022 ይግባኝ የሚታይበት መንገድ አበጀ። ባለቤታቸው በምርመራው መሐል በ2020 አርፈዋል። ኮሚቴውም ይህን ሐዘን በቅጣቱ ላይ ከግምት አስገብቻለሁ ብሏል። በዚህ ላይ ሌላ አልጨምርም፤ ነፍሳቸውን ይማር። በመጨረሻ ጉዳዩን ስትራስቡርግ ወዳለው የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ወሰዱት፤ በ2024 አይቀርብም ተብሎ ተመለሰ።

ራንዶክስ የኮሮና ውል ያገኘው በእሳቸው ነው?

በመጋቢት 2020 ራንዶክስ ያለ ጨረታ 133 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ የሚያወጣ የምርመራ ውል አገኘ። የመንግሥት ዋና ኦዲተር በ2022 መርምሮ ውሎቹ አላግባብ ለመሰጠታቸው ማስረጃ አላየሁም አለ፤ ሰነድ አያያዙ ግን ደካማ ነበር ሲል ነቅፏል። የሥነ ምግባር ኮሚቴው የፈረደው በዚህ አልነበረም። እነዚህን ሁለት ነገሮች ቀላቅለን ስም አናጥፋ።

መራጩስ ምን አለ?

በ2019 ፓተርሰን ወደ 23,000 በሚጠጋ ድምፅ በልጠው ነበር። ዲሴምበር 16 ቀን 2021 በተደረገው ማሟያ ምርጫ የሊበራል ዴሞክራቷ ሄለን ሞርጋን ወደ 6,000 በሚጠጋ ድምፅ አሸነፉ።

እኛ አገርስ ይህ አለ?

በከፊል። አዋጅ ቁጥር 668/2002 በኛ አቆጣጠር የወጣ ነው፤ የምክር ቤት አባላትን ጨምሮ ባለሥልጣናት ሀብታቸውን እንዲያስመዘግቡ ያዛል። መዝጋቢው የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ነው። የጎደለው ማንም ሰው ከቤቱ ሆኖ በየጊዜው የሚያነበው መሆኑ ነው። ድምፁም አብዛኛውን ጊዜ እጅ በማውጣት ስለሆነ፣ ዜናው "በሙሉ ድምፅ" ወይም "በይህን ያህል ተቃውሞና በይህን ያህል ድምፀ ተአቅቦ ጸደቀ" ይላል። የእኔ ወረዳ ተወካይ እጁን አወጣ ወይስ አላወጣም? ያ አይታወቅም። መታወቅ አለበት እላለሁ፤ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም።

ከዚያ ወዲህ ደንቡ ተቀየረ?

አዎ። ከመጋቢት 2023 ጀምሮ አባላት ፓርላማን የሚመለከት ምክር በክፍያ መስጠት አይችሉም። የውጭ ሥራ ያለውም የጽሑፍ ውል ሊኖረው ይገባል፤ ውሉም ውትወታ ከሥራው ውስጥ እንደሌለ መግለጽ አለበት። በ2024 ደግሞ ስለ መንግሥት ፖሊሲ በክፍያ ማማከር ተከለከለ።

እኔ ለንደን ነው የምኖረው። የእኔን ተወካይ ከየት ልጀምር?

እህቴ፣ በፖስት ኮድሽ ጀምሪ። ዜይ ዎርክ ፎር ዩ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ አስገቢው፤ የተወካይሽ ስም፣ ድምፅና የጥቅም መዝገብ አንድ ላይ ይመጣል። "ብዙ ጊዜ ደግፏል" የሚለውን ማጠቃለያ አትመኚ፤ ተጭነሽ ድምፁ የተሰጠበትን ቀንና ጉዳይ እይ። ከዚያ ወደ መዝገቡ ሂጂ። ሥራና ገቢ የሚለውን ክፍል መጀመሪያ አንብቢ፤ ከፋዩ ማን ነው፣ ስንት ሰዓት ነው፣ ስንት ብር ነው። ቀጥሎ ስጦታና የውጭ አገር ጉዞ አለ፤ ማን እንደከፈለ ይጽፋል። ያልገባሽ ነገር ካለ ለተወካይሽ ኢሜይል ጻፊ። ስምሽንና አድራሻሽን አስገቢ፤ የምርጫ ክልሉ ነዋሪ መሆንሽን ካላዩ አይመልሱም።