የሳንባ የደም ሥር ዕጢን የሚያጠና አለ ወይ? (መልስ)

ሰላም እህቴ፣ እግዜር ወንድምሽን ይማርልሽ። ሳንባው ላይ የተገኘው ኢኤችኢ የሚባለው ከደም ሥር ሴሎች የሚነሳ ዕጢ ከሚሊዮን ሰው አንዱን ገደማ ነው የሚይዘው። ግን የሚያጠናው አለ። በ2011 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች በአብዛኞቹ ታማሚዎች ታዝ እና ካምታ1 የተባሉ ጂኖች ተሰብረው አንድ ላይ መጣበቃቸውን አገኙ። ጤነኛው ታዝ ጂን የሚሠራው ፕሮቲን ሥራው ሲያልቅ ከኒውክለስ (ጂኖቹ ካሉበት የሴሉ እምብርት) ይወጣል። ከተጣበቀው ጂን የሚወጣው ፕሮቲን ግን እዚያው ተቀምጦ ሴሉን ያለማቋረጥ ያባዛዋል። በ2021 ደግሞ ይህ ቅይጥ ጂን ብቻውን አይጦች ላይ ዕጢውን እንደሚያስነሳ ታየ። እኔን በጣም ተስፋ የሰጠኝ ይሄ ነው፤ መድኃኒት የሚሞከርበት እንስሳ ተገኘ ማለት ነዋ! ትራሜቲኒብ የተባለ የካንሰር መድኃኒት በሰው ላይም ተሞክሯል፤ ዕጢው የቀነሰላቸው ጥቂት ናቸው፣ የሚያማቸው ሰዎች የሕመም ስሜት ግን ቀለል ብሏል። አሁን ሐኪሙን አንድ ነገር ጠይቂው፦ ከሳንባው የተወሰደው ናሙና ለካምታ1 ተመርምሯል?