ጥያቄና መልስ፦ የወረዳ ሹም፣ የዘመድ ድርጅትና የመንግሥት ግዥ

ኦዲተሩ፦ ሥራዬ የወረዳና የከተማ አስተዳደር የግዥ ሰነድ መመርመር ነው። ስለ ጥቅም ግጭት ጠይቁኝ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፦ የፌዴራሉ የግዥ አዋጅ 649/2001 በ1333/2016 ተተክቷል፤ ወረዳችሁ የሚገዛው ግን በክልላችሁ አዋጅና መመሪያ ነው። አንቀጽ ከመጥቀሳችሁ በፊት የራሳችሁን ገልጣችሁ እዩ። የሰው ስም አትጻፉ።

አዲስ አባል፦ ጋሼ፣ የግዥ አጽዳቂ ኮሚቴ ውስጥ ነኝ። የባለቤቴ ወንድም ፕሪንተርና ፎቶ ኮፒ ማሽን ያቀርባል፤ ለጨረታው ሰነድ ገዝቷል። ድምፅ ሳልሰጥ ብቀመጥ ይበቃል?

ኦዲተሩ፦ አይበቃም። አንተ እዚያው ተቀምጠህ እያየኸው ባልደረባህ በነፃነት አይናገርም። ከክፍሉ ውጣ፤ ለምን እንደወጣህም በቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍ። ከዚያ በፊት ደግሞ ዝምድናህን ለኃላፊህ በጽሑፍ አሳውቅ። በጽሑፍ፣ ከጨረታው በፊት!

ሰው ሁሉ የሚያስበው ፖስታ ስለሚከፈትበት ቀን ነው። ጨረታው ግን ብዙ ጊዜ የሚያልቀው ከዚያ በፊት፣ ስፔሲፊኬሽን (የሚገዛው ዕቃ ዝርዝር መስፈርት) ሲዘጋጅ ነው። በአንድ ፋይል ውስጥ ለፕሪንተር የወጣውን ስፔሲፊኬሽን አየሁ፤ የማሽኑ ክብደት ሳይቀር እስከ ነጥቡ ድረስ ተጽፏል። መሥሪያ ቤት ፕሪንተሩ በደቂቃ ስንት ገጽ እንደሚያትም ይጠይቃል እንጂ ክብደቱ ምን ያደርግለታል? ከአንድ አቅራቢ ብሮሹር ቃል በቃል የተገለበጠ ነበር። ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች «መስፈርቱን አያሟሉም» ተብለው ወደቁ፤ ኮሚቴውም በንጹሕ ቃለ ጉባኤ አጸደቀ። ስለዚህ አማችህ የሚወዳደር ከሆነ ፍላጎት ሲሰበሰብ፣ ስፔሲፊኬሽን ሲጻፍ፣ ሲገመገም፣ ዕቃው ሲረከብ፣ ክፍያ ሲፈረም አንዱም ቦታ ላይ አትገኝ።

ታዛቢ፦ እኛ ወረዳ ሙስና በዝቷል። ምን እናድርግ?

ኦዲተሩ፦ የትኛው ግዥ? መቼ? ምን ሰነድ አይተሃል? እሱን ይዘህ ተመለስ።

የፋይናንስ ሠራተኛ፦ ሀብቴን አስመዝግቤአለሁ። ከዚያ በላይ ምን ይጠበቅብኛል?

ኦዲተሩ፦ ምዝገባ ሌላ፣ ማሳወቅ ሌላ። በፌዴራሉ አዋጅ 668/2002 ምዝገባው በየሁለት ዓመቱ የሚታደስ ሲሆን ቤተሰብ የሚለውም የትዳር ጓደኛንና ከ18 ዓመት በታች ያለን ልጅ ነው። ወንድምህ፣ አማችህ፣ አብሮህ በሽርክና የሚነግደው ጓደኛህ ቅጹ ላይ የሉም። ችግሩ የሚመጣው ደግሞ በአብዛኛው በእነሱ በኩል ነው። ያስመዘገብከው ቅጽ ለነገው ጨረታ አይመሰክርልህም። ጉዳዩ ሲመጣ ለብቻው አሳውቅ፤ በጽሑፍ።

ነጋዴው፦ ይቅርታ፣ ይሄ በትንሽ ከተማ አይሠራም። ሁሉም ዘመድ ነው። የሹም ዘመድ ስለሆንን ሱቃችንን እንዝጋ?

የግዥ ባለሙያ፦ ማን ዝጉ አለ? እኛ ዘንድ ከሦስት የተለያዩ ነጋዴዎች መምጣት ያለበትን ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) አንድ ሰው ሦስቱንም ሲያመጣ አይተናል።

ነጋዴው፦ እሱ የግዥ ክፍሉ ስንፍና ነው። በነጋዴ አታሳብቡ።

የግዥ ባለሙያ፦ ፕሮፎርማውን ማኅተም አድርጎ የሚሰጠው ታዲያ ማነው? ነጋዴ አይደለም?

ኦዲተሩ፦ ሁለታችሁም ተዉት። ዘመድ ይነግዳል፣ ይወዳደራልም፤ ገለል ማለት ያለበት ሹሙ ነው። ኮሚቴው ውስጥ ሁሉም ዘመድ ከሆነ ከሌላ ጽሕፈት ቤት ወይም ከዞን ተተኪ እንዲመደብ ይጠየቅ፤ ይህ በደብዳቤ የሚያልቅ ነገር ነው። ስለ ፕሮፎርማው፦ ሦስቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጡ። ንግድ ፈቃዱ የማን ነው? የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩስ? የእጅ ጽሑፉስ? «ካርቶን» የሚለው ቃል በሦስቱም ላይ በአንድ ዓይነት ስሕተት ተጽፎ አግኝቻለሁ። ግዥውን ቆራርጦ ያለ ጨረታ በፕሮፎርማ መግዛት ከሚፈቀድበት የገንዘብ ጣሪያ ሥር ማስገባትም ያው ነው፤ ጨረታን መሸሽ ነው።

ሌላ አባል፦ እኔም ኮሚቴ ውስጥ ነኝ። ድምፅ ባልሰጥስ?

ኦዲተሩ፦ ላይ መልሻለሁ። አንብብ እንጂ ወንድሜ።

ሌላ አባል፦ እሺ። የቫት ተመላሽስ?

ኦዲተሩ፦ እሱን ገቢዎች ጠይቅ።

እህት፦ ጋሼ፣ የእኔ ከበድ ይላል። የውል አስተዳደር ላይ ነኝ። የጤና ኬላ ግንባታ ውል ከተፈረመ በኋላ ነው የአጎቴ ልጅ የሥራ ተቋራጩ ባለድርሻ እንደሆነ ያወቅሁት። ብናገር ጨረታውን ሁሉ ያበላሸሁ መስሎኝ ፈራሁ።

ኦዲተሩ፦ ጥሩ ጠየቅሽ እህቴ። ቀድመሽ አለማወቅሽ ጥፋት አይደለም፤ ካወቅሽበት ቀን በኋላ የምትፈርሚው ነው የሚያስጠይቅሽ። ውል ከተፈረመ በኋላ ገንዘቡ የሚወጣው በተጨማሪ ሥራ፣ በጊዜ ማራዘሚያና በክፍያ ሰርተፍኬት (ተቋራጩ ለሠራው ሥራ እንዲከፈለው በሚፈረም ሰነድ) ነው። በአነስተኛ ዋጋ ያሸነፈ ተቋራጭ የጎደለውን በተጨማሪ ሥራ ሊያካክስ ይችላል፤ ፈራሚዋ ዘመዱ ከሆነች ደግሞ ሥራው በእርግጥ አስፈላጊ ቢሆን እንኳ ማንም አያምናትም። ነገሩ ከዲሲፕሊን አልፎ በሙስና ወንጀሎች አዋጅ 881/2007 የመንግሥትን ሥራ በማያመች አኳኋን መምራት ተብሎ ሊያስከስስም ይችላል።

ነገ ጠዋት ለኃላፊሽ ጻፊ፦ ዝምድናውን፣ ያወቅሽበትን ቀን፣ ከዚህ ውል እንድትነሺ መጠየቅሽን። እስካሁን የፈረምሽውን ሰርተፍኬት ዘርዝረሽ ሌላ ሰው እንዲያየው ጠይቂ። ተተኪ እስኪመደብ ድረስ በዚያ ውል ላይ አትፈርሚ።

እህት፦ ኃላፊዬ በቃል «ግድ የለም፣ ቀጥዪ» ቢለኝስ?

ኦዲተሩ፦ በደብዳቤ እንዲመልስልሽ ጠይቂው። ያንቺን ደብዳቤ መዝገብ ቤት ገቢ አስደርገሽ፣ ቁጥርና ቀን ያለበትን ኮፒ እጅሽ ላይ አስቀሪ።