ቀይ ቀበሮ ከአገራችን ደጋ ጠፍቷል ወይ?

ወንድሜ፣ «ደላንታ ዘመድ ጥየቃ ሄጄ አንድም ቀይ ቀበሮ አላየሁም፤ ጠፍቷል ማለት ነው? ደግሞስ ሳይንቲስቶች አንዱን ተጋላጭ፣ ሌላውን አደጋ ላይ ያለ የሚሉት በምን ለክተው ነው?» ብለሃል። አቡነ ዮሴፍና ቦረና ሳይንት በሚባሉት የወሎ ተራሮች ላይ ከቀይ ቀበሮ ቆጣሪዎች ጋር ስለዞርኩ የማውቀውን ልንገርህ።

አላየሁም ማለት ጠፍቷል ማለት አይደለም። አንድ ዝርያ «ጠፍቷል» የሚባለው የመጨረሻዋ ነፍስ መሞቷ ምንም ሳያጠራጥር ሲቀር ነው። ለዚህም ይኖርበታል የተባለው ቦታ ሁሉ፣ በትክክለኛው ወቅትና ሰዓት፣ ተፈልጎ መታጣት አለበት። እኛ ለቆጠራ ጓሳው (የደጋው ረጅም ሣር) ውስጥ የምንገባው ገና ጎህ ሲቀድ ነው። ጉም ከወረደ ያ ቀን ባከነ። እረኞችንም እንጠይቃለን፤ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ግን ተራውን ቀበሮ አይተው እንደሆነ ማጣራት ያስፈልጋል። የኛው ቀይ ቀበሮ እግሩ ረጅም፣ ጉሮሮው ነጭ፣ የጅራቱ ጫፍ ጥቁር ነው።

በችኮላ «ጠፋ» ማለት ጉዳት አለው። ጠፋ የተባለን እንስሳ የሚጠብቅ የለማ!

ደረጃውን የሚያወጣው ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ነው፤ የዝርያዎችን ደረጃ የሚይዘው ቀይ መዝገቡ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። አንዱ መለኪያ የመቀነስ ፍጥነት ነው። በ10 ዓመት ወይም በ3 ትውልድ ውስጥ (ረጅሙ ይያዛል) ቁጥሩ ቢያንስ በ30 በመቶ ከቀነሰ ተጋላጭ፣ በ50 ከሆነ አደጋ ላይ ያለ፣ በ80 ከሆነ እጅግ አስጊ አደጋ ላይ ያለ ይባላል። ሌላው የቀረው ብዛት ነው፦ ከ1,000 በታች ከሆነ ተጋላጭ፣ ከ250 በታች አደጋ ላይ ያለ፣ ከ50 በታች እጅግ አስጊ አደጋ ላይ ያለ። የመኖሪያው ስፋትም ይታያል። ከመለኪያዎቹ አንዱ ብቻ ቢሟላ ይበቃል፤ የሚሰጠውም የከፋው ደረጃ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የሚቆጠረው ሜዳ ላይ የታየው ሁሉ ሳይሆን መራባት የሚችለው ነው። ቀይ ቀበሮ በመንጋ ይኖራል፤ በአብዛኛው የምትወልደው ግን ዋናዋ ሴት ናት። ስለዚህ በመላ አገሪቱ ያለው አዋቂ ከ500 ያነሰ ነው ሲባል፣ የሚወልደው ከዚያም በጣም ያንሳል። «አደጋ ላይ ያለ» የተባለው ለዚህ ነው።

«በዱር የጠፋ» የሚባልም ደረጃ አለ፤ በሰው ይዞታ ብቻ ለቀረ እንስሳ ነው። ቀንዱ እንደ ጎራዴ የታጠፈው የሰሃራ ኦሪክስ በ2000 እ.ኤ.አ. እዚያ ተመዝግቦ ነበር። ከ2016 ጀምሮ ቻድ ውስጥ ተለቀቀና በ2023 «አደጋ ላይ ያለ» ወደሚለው ተመለሰ። መመለስ ይቻላል፤ ግን ዓመታት ይፈጃል።

እኔን የሚያስጨንቀኝ የአንድ ተራራ መጥፋት ነው። ጎጃም ጮቄ ላይ ቀይ ቀበሮ ጠፍቷል፤ ባሌ ላይ ስላለ ግን መዝገቡ ላይ ዝርያው አለ። የወሎ ተራሮች እንደ ደሴት ናቸው። የገብስ እርሻ ሽቅብ ወጥቶ ከቧቸዋል። ከአንዱ ያለቀውን ሌላው በቀላሉ አይተካውም። የእብድ ውሻ በሽታ ባሌ ላይ በተደጋጋሚ መንጋ ጨርሷል። ትንሽ ተራራ ላይ አንዴ ከገባ ተስፋ የለም። ስለዚህ ለኔ ከሁሉ የሚቀድመው የመንደር ውሻ ማስከተብ ነው።

ደላንታ ስትመለስ እረኞቹን በመጨረሻ መቼና የት እንዳዩት ጠይቅ። ቀኑንና ቦታውን ጻፍ፤ ፎቶ ካለም ያዝ። ከዚያ በአቅራቢያህ ላለው የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሙያ ስጥ። «አላየንም» የሚለውም መልስ ይጠቅማል፤ እሱንም መዝግበው።