የነከሰ የኮርቻ ዘንግ በእሳት አይወጣም

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ ከቁራሌው ላይ አንድ የቆየ ኮርሳ ብስክሌት በርካሽ ገዛሁ። የኮርቻው ዘንግ ግን ፍሬሙ ውስጥ ነክሶ አልነቃነቅ አለኝ። ብየዳ ቤት ብወስደው «በጋዝ እናግለው» አሉኝ። አዲስ የገዛሁት ባለ 700 ጎማም ቸርኬው ላይ አልገባም። ምን ይሻለኛል? (ከሐይቅ)

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ይወጣል። እሳቱን ግን ተወው። ደሴ ውስጥ ተለማማጅ ሳለሁ እንዲሁ አግላለሁ ብዬ ቧንቧዎቹን ያያያዘውን ነሐስ አቀለጥኩትና ፍሬሙ ከነዘንጉ ለቁራሌው ተመለሰ። ዋጋውን ከደመወዜ ከፈልኩ።

ዘንጉ አልሙኒየም፣ ፍሬሙ ብረት ነው። ሁለቱ ተነካክተው እርጥበት ሲያገኙ አልሙኒየሙ ይበላል፤ የሚወጣውም ነጭ ዱቄት ከራሱ ከአልሙኒየሙ የሰፋ ቦታ ስለሚይዝ ክፍተቱን ሞልቶ ይቆልፈዋል። ሲሞቅ ደግሞ አልሙኒየም ከብረት እጥፍ ያህል ይለጠጣል፤ ስለዚህ ሙቀቱ ውስጥ ሲደርስ ይብስ ይጠብቃል። የደሴ ሌሊት ብርድ ከዚያ ጋዝ ይሻልሃል።

ከመድከምህ በፊት ፍሬሙ የሚደከምለት መሆኑን እይ። ሲባጎ ከኋላው ጎማ መያዣ አስረህ በመሪው ቧንቧ ፊት አዙረህ በሌላው ጎን መልሰህ እሰር። ከሲባጎው እስከ ኮርቻው ቧንቧ ያለው ርቀት በግራም በቀኝም እኩል ከሆነ ፍሬሙ ቀጥ ያለ ነው። ከመሪው ቧንቧ ሥር ቀለሙ ተሰንጥቆ ወይም ብረቱ አብጦ ካየህ ግን አንድ ጊዜ ተጋጭቷል፤ ለግድግዳ ጌጥ ይሁን።

ደህና ከሆነ የፔዳሉን ዘንግ ቤት ፍታ። ክዳኑ ላይ 36 የሚል ካለ የጣሊያን ጥርስ ነው፤ ሁለቱም ወገን እንደ ተራ ብሎን ይፈታል። 1.37 ካለ በሰንሰለቱ በኩል ያለው በተገላቢጦሽ ነው የሚዞረው። ከዚያ ፍሬሙን ገልብጠህ አቁምና በዚያው ቀዳዳ በኮርቻው ቧንቧ ውስጥ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት አፍስስ። የዘንጉን ማጥበቂያ ብሎንም አውጥተህ በስንጥቁ አጠጣው። ይህን ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ አድርግ። ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው።

በሳምንቱ ኮርቻውን ፈትተህ የዘንጉን አናት በሞርሳ ጥብቅ አድርገህ አሲዝ፤ ፍሬሙን በሁለት እጅህ ይዘህ በጥቂቱ ወዲህ ወዲያ አዙር። ቀጭ ሲል ጨርሻለሁ ብለህ አትሳበው፤ ዘይት ጨምረህ እያዞርክ አውጣ። ቧንቧው ራሱ መጠምዘዝ ከጀመረ አቁም። ያን ጊዜ ዘንጉን ሁለት ጣት አስቀርተህ ቁረጥና በሴጌቶ ምላጭ ከውስጥ ወደ ታች ሰንጥቀው፤ አልሙኒየሙ አልቆ ብረቱ ሲጀምር ድምፁ ይለወጣል። ከዚያ በፒንሳ ወደ ውስጥ ታጥፈዋለህ። ሥራው ግማሽ ቀን ይፈጃል። አዲሱን ዘንግ ያለ ግራሶ እንዳታስገባ።

የጎማው ነገር ቀላል ነው። በድሮው ጎማ ጎን 27 ወይም 630 የሚል ታገኛለህ። የ27 ኢንቹ ቸርኬ ጎማው የሚቀመጥበት ስፋቱ 630 ሚሊ ሜትር፣ የ700ው 622 ነው፤ በስምንት ሚሊ ሜትር የጠበበ ጎማ በካቻቢቴ ብታስገድደው ካላማዳሪያውን ከመብሳት በቀር አይገባም። የ27 ጎማ ካጣህ የ700 አልሙኒየም ቸርኬዎች ግጠም፤ የፍሬን ጎማዎቹ በየጎኑ አራት ሚሊ ሜትር ዝቅ ማለት ስላለባቸው መቀርቀሪያቸው መድረሱን አስቀድመህ ለካ። የድሮው የሚያብረቀርቅ የብረት ቸርኬ ዝናብ ሲነካው ፍሬን አይዝም፤ በክረምት የሐረጎን ቁልቁለት በእርሱ እንዳትወርድ።

ቀለሙን አትፋቀው፤ እሱ ዕድሜው ነው።